ይልቃል

ስሙን ያወጣ አባታችን ነው፤ "ይልቃል" ብሎ ጠራው፤
ከማን እንደሚልቅ ሳይናገር ሞተ፤ ለኔ ተረፈኝ መከራው።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ ፔምቢና መንገድ ዳር፣ ክሊኒክ ውስጥ፣ ጥርስ አጥባለሁ፤
ሰው አፉን ይከፍታል፣ እኔ አያለሁ።
እሱ የውሃ ቆጣሪ ያነባል፤ ዊኒፔግን ከሥሯ ነው የሚያውቃት፣
በየምድር ቤቱ ወርዶ፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፣ ሸረሪት በጆሮው ስታደራበት።

አንድ ዘመን ግን፣ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ሳለ፣
ሰሌዳ ፊት ቆሞ፣ ጠመኔ በጣቱ ይዞ፣ አንዲት መስመር ጣለ፤
አራት ፕሮፌሰሮች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።
እኔም ይዤ ነበር፤
ማዛጋቴ እንዳይታወቅ።

ምን ነካው አትበሉኝ። አልታመመም፣ አልጠጣም፣ ሴትም አልከዳችው፤
ሰኞ ቀን ወረቀቱን በፌስታል ቋጥሮ መጣ፤ "ደከመኝ" አለ፣ ሌላ ቃል አልወጣው።
ፌስታሉ ዛሬም ከማሞቂያው ኋላ ነው።
እናቴ ደውላ "ዶክተሩስ?" ስትለኝ፣ "ምርምር ላይ" እላለሁ።
ውሸትም አይደል፦ በቀደም ለት እንቁላል ጣደና፣
ውሃው ተኖ አለቀ፣ ድስቱ ከሰለ፣ እንቁላሉ ጣራ መታ ፈነዳና፣
እሱ እዚያው ነበር፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ማንኪያ እንደያዘ፣
መስኮቱ ላይ ውርጭ የሳለውን ቅርንጫፍ ሲቆጥር፣ እንደ ሐውልት የፈዘዘ።

ተናድጄበታለሁ፤ ዋሽቼ ምን ላተርፍ!
"ለሱ ሲሰፍሩለት ከቁናው የፈሰሰ፣
እኔ ጋ ሲደርስ ለምን አነሰ?"
እላለሁ፣ ወሩ ሲሞላ፣ የቤት ኪራይ በጣቴ ስደምር፣
ጎኔ ቆሞ "ስንት ነው?" ሲለኝ፣ የቁጥር ባላባት፣ የመብራት ሂሳብ ሲያይ የሚደናበር።

ቅዳሜ ለት ያፌት፣ ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ክፍልፋይ ቸግሮት፣ ደብተሩን ይዞ ተጠጋ ወዳጎቱ።
ሲሶና ሩብ፣ አንድ ላይ፣ ስንት?
ይልቃል ጥያቄውን አየ። ልጁን አየ። ደግሞ ጥያቄውን።
"እንዴት አይታይህም?" አለ፤ ቁጣ የለበትም፣ ገርሞት እንጂ ከልቡ፣
ቀትር ላይ "ፀሐይ የት አለች?" የተባለ ይመስል።
ልጁ አለቀሰ።
እሱም፣ ይህን ለማንም አላወራሁ፣ እሱም አለቀሰ፤
አርባ አንድ ዓመት የሞላው ሰው፣ እርሳስ በእጁ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እያበሰ፦
"እኔ የማየው ለሰው አይታይም፤
ሰው የሚያየው እኔ ዘንድ አይደርስም።"

እኔ ምን አውቃለሁ? የጥርስ ሰው ነኝ።
"ውጡና በረዶውን ጥረጉ" አልኳቸው፤ ሌላ መላ አልመጣልኝ።

ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ነው። አካፋው ደግሞ አንድ።
መስኮቱን በጣት ስፋት ከፍቼ እሰማለሁ።
ይልቃል የመኪናውን መግቢያ እኩሌታ ጠረገና ቀጥ አለ፣ ጣቱን ቀሰረ፦
"ከቀረው ግማሹን፣ ከዚያም ከቀረው ግማሹን፣ ደግሞም ከቀረው፣
እንዲህ እያልን ብንጠርግ፣ ያፌትዬ፣ መጨረሻም የለው፤
ሁሌ ይተርፋል፤ ሁሌ፣ ገባህ?"
ያ የሰሌዳው ብርሃን፣ ስንት ዓመት የጠፋው፣ ፊቱ ላይ በራ።
ያፌት አካፋውን ነጠቀና ገፋ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ምን ገዶት፣ ምን ሊፈራ!
የመጨረሻዋን ጓል ወደ ወይዘሮ ኮስቲዩክ አጥር ጣለ፤
"ይኸው፣ አለቀ" አለ።

ወንድሜ ባዶውን መሬት አየ፣ ጥቁር፣ እስከ ጠርዙ የተገለጠ።
አካፋውን አየ። ልጁን አየ።
ከዚያ ሳቀ፣ እንፋሎቱ ፊቱን እስኪሸፍነው፣
የሴትዮዋ ውሻ ካጥር ወዲያ እስኪያላዝንበት፣
እኔም መስኮቱን መዝጋት ረስቼ እጄ እስኪደነዝዝ።

ኋላ ቁጭ ብለው ሠሩት ክፍልፋዩን፤
ግማሹን ተሳስተዋል፤ መምህሯ ሰኞ በቀይ ከብባ ላከችው ስህተቱን።

ሌሊት ከማሞቂያው ኋላ ኮሽታ ሰማሁ፤
አይጥ ይሁን ፌስታል፣ ተነስቼ አላየሁ።
ጠዋት ግን የግራ ጓንቱ የለም፤ በዚህ ብርድ ብቻ አራተኛው።
"ፈልገው እንጂ!" ብዬ ጮህኩ።
አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣
ወጣ፣ የሰው ውሃ ሊቆጥር።